ቸርኬ ደወል፣ የሚጮህ ታምቡር እና የቀለበት ንዝረት፦ ሪዞናንስ የቱ ጋ ያበቃል፣ አለመረጋጋትስ የቱ ጋ ይጀምራል?

መምህር_ጣርማበር

ሰላም ለዚህ ቤት። ጣርማበር አካባቢ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ደወላችን እንደ ብዙው የገጠር ትምህርት ቤት የአሮጌ ጭነት መኪና ቸርኬ ነው። መሃሉ ተቆርጦ ወጥቷል፣ የቀረው ቀለበቱ ብቻ ነው። ባሕር ዛፍ ላይ በሰንሰለት ተንጠልጥሎ በብረት ዘንግ ይመታል።

ሁለት ነገር ግራ ገብቶኛል። ዘበኛችን አንድ ቦታ ላይ ሲመታው ድምፁ ጥርት ብሎ ይሄዳል። ትንሽ ራቅ አድርጎ ሲመታው «ዋው... ዋው... ዋው» እያለ ከፍ ዝቅ ይላል። ያው ብረት፣ ያው ዘንግ። ሌላው ደግሞ የአየር መሙያ አፍንጫ የሚወጣበት ቀዳዳ አጠገብ ቀጭን ስንጥቅ ታይቷል። ከተሰቀለ ጀምሮ ሸክም አያውቅም እኮ! ተማሪዎቼ ሲጠይቁኝ «ሪዞናንስ ነው»፣ ማለትም ከውጭ የሚነቀንቀው ነገር ከዕቃው የራሱ ንዝረት ጋር ሲገጥም ንዝረቱ ይጎላል፣ ብዬ ማለፍ አልፈለግሁም። የሚያውቅ ካለ?

ቁጥር_ወዳድ

መምህር፣ የላብራቶሪ ዕቃ ነው ያንጠለጠላችሁት፣ ማንም አላወቀላችሁም እንጂ።

ቀለበት ሲመታ ዙሪያው አይለጠጥም፣ ይታጠፋል። መለጠጥ ከባድ ነው፣ መታጠፍ ቀላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሞላላ ይሆናል፣ ከዚያ በሌላኛው አቅጣጫ ሞላላ ይሆናል። ይህ የመጀመሪያው የንዝረት ቅርጽ ነው፣ ባለ ሁለት ሞገድ እንበለው። ቀጥሎ ባለ ሦስት፣ ባለ አራት እያለ ይሄዳል። ሁሉም ባንድ ጊዜ ነው የሚጮኹት።

ልኩን ባላውቅም ዲያሜትሩ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ተራ የብረት ቀለበት ልውሰድ። የመጀመሪያው 80 ሄርዝ (በሰከንድ 80 ንዝረት) ገደማ፣ ሁለተኛው 225፣ ሦስተኛው 430 ይወጣል። የእናንተ ቸርኬ ጠርዙ የታጠፈ ስለሆነ ከዚህ ይጠነክራል፣ ቃናውም ይቀጥናል። ግን አስተውሉ፣ 225 የ80 ሁለት እጥፍም ሦስት እጥፍም አይደለም። ቸርኬ እንደ ክራር የማያዜመው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ «ዋው ዋው»። ፍጹም ክብ የሆነ ቀለበት የትኛው አቅጣጫ ላይ ሞላላ መሆን እንዳለበት አያውቅም። ሁሉም አቅጣጫ እኩል ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቅርጽ መንታ አለው። ባለ ሁለት ሞገዱ መንታው በ45 ዲግሪ ዞሮ ነው የሚገኘው። ቀለበቱ ፍጹም ቢሆን ሁለቱም መንታዎች አንድ ዓይነት ፍሪኩዌንሲ (በሰከንድ የሚነዝሩበት ቁጥር) ይኖራቸው ነበር። ቸርኬ ግን ከጠፍጣፋ ብረት ተጠቅልሎ የተበየደ ነው። የብየዳ መስመር አለው፣ የአየር ቀዳዳ አለው። ያ ሲምሜትሪውን (የዙሪያውን እኩልነት) ይሰብረዋል፣ መንታዎቹም ይለያያሉ። አንዱ 80 ሄርዝ፣ ሌላው 82 ቢሆን በሰከንድ ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ ሲል ትሰማላችሁ።

ዘበኛችሁ የአንዱ መንታ ከፍተኛ ውዝዋዜ ያለበት ነጥብ ላይ ከመታ ያ ብቻ ይጮኻል፣ ድምፁም ጥርት ይላል። በሁለቱ መካከል፣ 22.5 ዲግሪ ላይ ከመታ ሁለቱም እኩል ይነሳሉ። ያኔ ነው «ዋው ዋው»ው የሚበረታው።

ለተማሪዎች ጥሩ ሥራ ነው። ዙሪያው 157 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ በጠመኔ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት አድርጉ። 16 ነጥብ ይወጣል። ከጥርት ያለው ቦታ ጀምራችሁ ቁጠሩ። ጥርት፣ «ዋው ዋው»፣ ጥርት፣ «ዋው ዋው» እያለ መሄድ አለበት። በእንጨት መዶሻ ምቱት፣ የብረት ዘንግ ቀጫጭኖቹን ቃናዎች ስለሚቀሰቅስ ጆሮ ያደናግራል።

ቶርኖ_ቤት (ደብረ ብርሃን)

ቸርኬውስ እሺ። እኔ ጋ የሚመጣው የፍሬን ታምቡር ነው። ከደሴ መስመር የሚመለሱ አይሱዙዎች «ፍሬን ስይዝ ይጮኻል» ይላሉ። አውጥቼ ስለካው ሞላላ ሆኗል። ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቆርጥ ማሽን) ላይ አስሬ ሳስተካክለው ዝም ይላል። ይሄ ሁሉ መንታ ምናምን ሳያስፈልግ ነገሩ ሪዞናንስ ነው፣ መድኃኒቱም ቶርኖ ነው።

ጋሽ_ሾፌር

ልጆች፣ እኔ ያን መንገድ ዕድሜዬን ሙሉ ነድቼዋለሁ። ከጣርማበር ዋሻ ወጥተህ ወደ ደብረ ሲና ስትወርድ የሚጮህ ታምቡር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ፔዳሉን እግርህ ሥር ይነቀንቀዋል፣ መሪው ይንቀጠቀጣል። ሁለተኛው ፔዳሉ ዝም ብሎ «ጺጺጺጥ» ብሎ ጆሮ ይበሳል። ረዳቴ ሁልጊዜ ሁለቱን ያምታታቸው ነበር። የመጀመሪያው መኪናው ሲዘገይ አብሮ ይዘገያል። ሁለተኛው እስክትቆም ድረስ ያው ቃና ነው።

ቁጥር_ወዳድ

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥዎት። መጽሐፍ በገጾች የሚዞርበትን ነገር በሁለት መስመር ጨረሱት።

@ቶርኖ_ቤት ወንድሜ፣ እነዚህ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። መድኃኒታቸውም ይለያያል።

የመጀመሪያው ሞላላ ታምቡር ነው። ጎማው አንድ ዙር ሲዞር ሸራውን (ታምቡሩን ከውስጥ ተጭኖ የሚይዘውን) ሁለት ጊዜ ይገፋዋል። የጎማው ራዲየስ ግማሽ ሜትር ከሆነ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ጎማው በሰከንድ ሦስት ተኩል ዙር ይዞራል። ስለዚህ በሰከንድ 7 ጊዜ ይመታሃል። ፍጥነቱ ወደ 20 ሲወርድ 3.5 ይሆናል። የሚነቀንቀው ከውጭ ነው፣ ንዝረቱም የነቅናቂውን ፍጥነት ይከተላል። ይሄ የግድ ንዝረት ይባላል። ቶርኖህ በእርግጥ ያድነዋል።

ሁለተኛው ግን ከውጭ የሚነቀንቀው የለም። ታምቡሩ ቀለበት ነው፣ መንታ ቅርጾች አሉት። ሸራው ሲነካው ፍሪክሽኑ (ሰበቃው) አንዱን ቅርጽ ከሌላው ጋር ያያይዘዋል። አንዱ ቅርጽ ሲንቀሳቀስ የፍሪክሽን ኃይሉ ሌላውን ይገፋል፣ ሌላው መልሶ የመጀመሪያውን ይገፋል። የሁለቱ ፍሪኩዌንሲ ተቀራርቦ ሲገጥም በየዑደቱ ከጎማው መዞር ጉልበት እየሰረቀ ያድጋል። ትንሽ ንዝረት ትልቅ ይሆናል፣ ትልቁ የበለጠ ይተልቃል። አለመረጋጋት የምንለው ይሄን ነው። ቃናው የታምቡሩ የራሱ ስለሆነ መኪናው ቢዘገይም አይቀየርም። ጋሼ የሰሙት ይህንኑ ነው።

ቶርኖ አንዳንዴ ይሄንንም ዝም የሚያሰኘው ሸራው የሚነካበትን ቦታ ስለሚቀይር ነው። ሸራው እንደገና ሲላመድ ጩኸቱ ሊመለስ ይችላል። ደግሞ በቆረጥክ ቁጥር ታምቡሩ ይሳሳል፣ ይበልጥ ተጣጣፊ ይሆናል።

ቶርኖ_ቤት (ደብረ ብርሃን)

ተመልሶ የሚመጣ እንዳለ አልክድም። ግን ሸራው ርካሽ ስለሆነ ነው እላለሁ። ሸራ ቀይር ስትለው የሚሰማ ሾፌር የለም።

ቁጥር_ወዳድ

ሸራውም አለበት፣ ልክ ነህ። የፍሪክሽን መጠኑ ከፍ ባለ ቁጥር ያ መያያዝ ይበረታል።

ጎሚስታ_ሸዋሮቢት

እኔ ወደ ቸርኬው ልመለስ። ስለ መቆለፊያው ቀለበት የሚጽፍ የለም? ያ የተቀደደው ቀለበት፣ ቸርኬው ጠርዝ ላይ ጎማውን የሚይዘው። ሰው የሚገድለው እሱ ነው። በደንብ ሳይገባ አየር ከሞላህ ተፈናጥሮ ይሄዳል። ዝገት ካለው፣ ከተጣመመ፣ እኔ አልሞላም። የግድ ከሆነ በብረት አጥር ውስጥ አስገብቼ፣ ረጅም የአየር ቱቦ ቀጥዬ፣ ከጎን ሆኜ ነው የምሞላው። ፊት ለፊት አልቆምም።

ቁጥር_ወዳድ

ጎሚስታው ያለውን ሁሉም ያንብብ። ላክልበት፦ የተቀደደ ቀለበት ዙሪያውን በመወጠር ኃይል መያዝ አይችልም፣ ጫፎቹ ይላቀቃሉ። የያዘው የገባበት ጎድጓዳ ብቻ ነው። በመዶሻ እየመታችሁ «ይገባል» አትበሉ፣ አየር እያለበት በፍጹም።

መምህር_ጣርማበር

ምልክት አድርገን አየነው። በእርግጥ ጥርትና «ዋው ዋው» እየተፈራረቀ ነው የሚሄደው። ከጥርት ቦታዎቹ አንዱ ልክ የአየር ቀዳዳው ላይ ነው የወደቀው። አንዲት ተማሪዬ «ለምን እዚያ?» አለች። ስንጥቁንስ ማን አመጣው?

ቁጥር_ወዳድ

ተማሪዋ ጎበዝ ናት። መንታዎቹ አቅጣጫቸውን የሚመርጡት በጉድለቱ ነው። ቀዳዳና ስንጥቅ ያለበት ቦታ ደካማ ነው። አንዱ መንታ እዚያ በጣም ይታጠፋል፣ ፍሪኩዌንሲውም ይወርዳል። ሌላው እዚያ ብዙም አይታጠፍም፣ ስለዚህ ጉድለቱ አይሰማውም።

ውጥረቱን በቁጥር እንየው። ቅድም በወሰድኩት ቀለበት ላይ ግድግዳው 1 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ቢወዛወዝ በባለ ሁለት ሞገዱ ቅርጽ የመታጠፍ ውጥረቱ 38 ሜጋ ፓስካል ገደማ ነው። ያው 1 ሚሊ ሜትር በባለ ሦስት ሞገዱ ቢሆን ከ100 ያልፋል። ሞገዱ ሲበዛ ለዓይን የማይታይ ንዝረት ብረቱን ብዙ ያስጨንቃል። የብረት ዘንግ ደግሞ እነዚያን ቅርጾች ነው የሚወድ።

ቀዳዳው ሌላ ጣጣ ነው። ኪርሽ እ.ኤ.አ. በ1898 እንዳሳየው፣ በሚጎተት ሰፊ ጠፍጣፋ ላይ ያለ ክብ ቀዳዳ ጠርዙ ላይ ውጥረቱን ሦስት እጥፍ ያደርገዋል። በመታጠፍ ጊዜ ከሦስት ያንሳል፣ ግን ጭማሪው ቀላል አይደለም። አንድ ምት 10 ሰከንድ ቢያስተጋባ በ80 ሄርዝ 800 ጊዜ መታጠፍ ነው። በቀን ስንት ጊዜ ይደወላል? በዓመት አስቡት። ብረቱ ደክሞ ነው የተሰነጠቀው። ከመሰቀሉ በፊትም መንገድ ላይ ብዙ ጎብጧል።

አንድ ጥቅም አለው፦ «ዋው ዋው»ውን በስልክ እየቀዳችሁ በየወሩ ቁጠሩ። ቀዳዳው ላይ የሚታጠፈው መንታ ዝቅተኛው ከሆነ ስንጥቁ ባደገ ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል፣ «ዋው ዋው»ውም ይፈጥናል። ከፍተኛው ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ይዘገያል፣ ከዚያ ነው የሚፈጥነው። ሳይፈርስ የሚመረመር ማለት ይሄ ነው። እስከዚያው ግን ከሥሩ ተማሪ አይሰለፍ።

ሜካኒካል_ተማሪዋ

ሰላም፣ ምስጋናዬ ለሁላችሁም። ደብረ ብርሃን ነው የምማረው፣ የመመረቂያ ሥራዬ ከውጭ የሚርገበገብ ግፊት የሚጫነው ቀለበት ላይ ነው። አንድ ነገር አልዋጥልኝ አለ። ግፊቱ ዙሪያውን እኩል ነው የሚገፋው፣ ሞላላ የሚያደርገው ነገር የለም። ታዲያ ሞላላው ንዝረት ከየት ይመጣል? ደግሞ አደገኛው ፍሪኩዌንሲ የቀለበቱ ፍሪኩዌንሲ ሁለት እጥፍ ነው ይባላል። ለምን ሁለት?

ቁጥር_ወዳድ

እህቴ፣ ይሄ ነው የዚህ ውይይት ዋናው ጥያቄ። ረዘም ያለ ነው፣ ሻይ ይዘሽ አንብቢ።

መጀመሪያ ግፊቱ አይርገበገብ፣ ዝም ብሎ ይጫን። ግፊቱ ዙሪያውን ይጨምቀዋል፣ ጭመቃው ደግሞ የመታጠፍ ጥንካሬውን ይቀንሳል። ስለዚህ ፍሪኩዌንሲው ይወርዳል። ግፊቱ የተወሰነ ልክ ሲደርስ ፍሪኩዌንሲው ዜሮ ይሆናል፣ ቀለበቱ ወደ ሞላላ ይሰጥማል። ያ ልክ የኢላስቲክ ሞዱለስ (የብረቱ ግትርነት) እና የኢነርሺያ (የቀለበቱ ግድግዳ በውፍረቱ መታጠፍን የሚቋቋምበት ልክ) ብዜት ሦስት እጥፍ ለራዲየስ ኩብ ሲካፈል ነው። ብሬስና ሞሪስ ሌቪ በ19ኛው መቶ ዘመን ያወጡት ነው። ለኛ ባለ 50 ሳንቲ ሜትር ቀለበት 1.6 ሜጋ ፓስካል ገደማ ይመጣል።

የፍሪኩዌንሲው ካሬ ነው ከግፊቱ ጋር ቀጥ ብሎ የሚወርደው። የመስጠሚያውን ግፊት 75 በመቶ ብትጭኚበት ካሬው ወደ ሩብ ይወርዳል፣ ፍሪኩዌንሲው ወደ ግማሽ። 80 የነበረው 40 ሄርዝ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ግፊቱ ይርገብገብ። ትክክል ነሽ፣ ሞላላ የሚያደርግ ኃይል የለም። የሚሆነው ሌላ ነው፦ ጥንካሬው ራሱ ከፍ ዝቅ ይላል። ዥዋዥዌ ላይ ቆሞ የሚጫወት ልጅ ማንም ሳይገፋው ቁጢጥና ቀጥ እያለ ከፍታውን ይጨምራል። በአንድ ሙሉ ውዝዋዜ ሁለት ጊዜ ነው የሚነሳው፣ በዚህ በኩልም በዚያ በኩልም መሃል ላይ ሲያልፍ። ሁለቱ ከዚያ ነው የመጣው። ቀለበቱም በአንድ ዑደት ሁለት ጊዜ ነው የሚታጠፈው፣ አንዴ ወዲህ ሞላላ፣ አንዴ ወዲያ። ጥንካሬው ሲታጠፍ ላልቶ ሲመለስ ከጠነከረ በየመመለሱ ትርፍ ጉልበት ያገኛል። ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 በሚንቀጠቀጥ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ላይ በግማሽ ፍሪኩዌንሲ የሚነሳ ሞገድ ያየው ከዚሁ ወገን ነው። ማቲዩ በ1868 የጻፈው እኩልታ አሁን ኮምፒውተርሽ ላይ ያለው ነው።

ከሪዞናንስ የሚለይበትን ልብ በይ። ሪዞናንስ ላይ ዳምፒንግ (ንዝረቱን የሚያበርድ ነገር) ካለ ንዝረቱ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። እዚህ ግን ዳምፒንግ የሚወስነው ደፍ (እድገቱ የሚጀምርበትን ልክ) ብቻ ነው። ከደፉ በታች ምንም የለም። ከደፉ በላይ ከሆነ በኤክስፖኔንሽያል (በየዑደቱ በእጥፍ እየተባዛ እንደሚሄድ ነገር) ያድጋል፣ የሚያቆመው የቅርጹ መለወጥ ወይም መሰበር ነው። መነሻ ግን ይፈልጋል፣ ትንሽ ጉድለት፣ ትንሽ ንቅናቄ። በተግባር ያ የማይገኝበት ቀለበት የለም።

ደፉ ስንት ነው? ጥንካሬው በስንት በመቶ እንደሚለዋወጥ ከዳምፒንግ ሬሾው አራት እጥፍ ጋር አወዳድሪ። ዳምፒንጉ ግማሽ በመቶ ከሆነ ደፉ 2 በመቶ ነው። ቋሚ ግፊት ከሌለ ለዚያ 33 ኪሎ ፓስካል ገደማ መርገብገብ ያስፈልጋል። 75 በመቶ ተጭኖ ከሆነ ግን የቀረው ጥንካሬ ሩብ ብቻ ነው፣ ዳምፒንጉ ያው ከሆነ 8 ኪሎ ፓስካል ይበቃል። በስሌትሽ ላይ «ቋሚው ግፊት ከመስጠሚያው በታች ስለሆነ ደህና ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለ አውጪው። አደገኛው የግፊቱ መርገብገብም ድሮ 160 ሄርዝ የነበረው አሁን 80 ሆኗል።

ሜካኒካል_ተማሪዋ

እግዜር ይስጥልኝ! እኔ ሁለት እጥፉን ካልተጫነው ቀለበት ፍሪኩዌንሲ ነበር የማወጣው፣ ለዚህ ነው ከሲሙሌሽኑ ጋር አልገጥም ያለኝ።

ወፍጮ_ቤት

ከመሃል ሜዳ ነኝ። ይሄ ሁሉ የቆመ ቀለበት ነው። የሚዞርስ? ወፍጮዬን የሚያዞረው የድሮ ናፍጣ ሞተር ትልቅ የጥቁር ብረት (ቀልጦ የተቀዳ ብረት) ቮላኖ፣ ማለትም ከባድ መዘውር፣ አለው፣ 60 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፣ በደቂቃ 650 ዙር። ሰዎች «ዙሩን እጥፍ አድርገው፣ ወፍጮው ይፈጥናል» ይሉኛል።

ቁጥር_ወዳድ

አያድርጉት። የሚዞር ቀለበት ራሱን ይወጥራል። ውጥረቱ የብረቱ እፍጋት በጠርዙ ፍጥነት ካሬ ሲባዛ ነው። ጠርዙን ቢያወፍሩትም ቢያሳሱትም ለውጥ የለውም፣ የተጨመረው ብረት የራሱን ክብደት ነው የሚሸከመው። የእርስዎ ቮላኖ ጠርዙ በሰከንድ 20 ሜትር ይሄዳል፣ ውጥረቱ 3 ሜጋ ፓስካል ነው፣ ትንሽ። እጥፍ ሲያደርጉት 12 ይሆናል፣ አራት እጥፍ። አሁንም ትንሽ ይመስላል አይደል? ግን ክንዶቹ ጠርዙን እየያዙ ያጎብጡታል፣ ጥቁር ብረት ውስጥ የአየር አረፋ ይኖራል፣ ድሮ የተሰነጠቀ ካለም አይታይም። ለጥቁር ብረት ቮላኖ የቆየው ልማዳዊ ገደብ በሰከንድ 30 ሜትር ነው። እርስዎ 40 ሊያደርጉት ነው። ወፍጮው እንዲፈጥን ከፈለጉ ቮላኖውን ሳይነኩ የቀበቶውን ፑሊ ልክ ይቀይሩ፣ የሞተሩ አቅም ከቻለ።

መንዜዋ

የሚዞር ቀለበት ከተነሳ አንድ የሚያምር ነገር ልጨምር። ብራያን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1890 የሚጮህ ቀለበትን ቢያዞሩት የንዝረቱ ቅርጽ አብሮ ሙሉ በሙሉ እንደማይዞር አሳየ። ለባለ ሁለት ሞገዱ ቅርጹ ከቀለበቱ 40 በመቶ ወደ ኋላ ይቀራል። ቀለበቱን 90 ዲግሪ ብታዞሩት ቅርጹ 54 ብቻ ይሄዳል። የቀረውን ለክታችሁ ስንት እንደዞራችሁ ታውቃላችሁ። ጄምስ ዌብ የጠፈር ቴሌስኮፕ ላይ ያሉት ጋይሮስኮፖች (መዞርን የሚለኩ መሣሪያዎች) በዚህ መንገድ ነው የሚሠሩት፣ ቀለበት ሳይሆን ንፍቀ ክብ ጽዋ ይጠቀማሉ እንጂ። እዚያ ደግሞ የመምህር «ዋው ዋው» ጠላት ነው። መንታዎቹ እንዲገጥሙ ከጽዋው ላይ በጥቂት በጥቂቱ ክብደት ይቀንሳሉ።

ቁጥር_ወዳድ

ግሩም። @መምህር፣ ይሄንንም ተማሪዎች መሞከር ይችላሉ፣ ክብደት በመቀነስ ሳይሆን በመጨመር። የቸርኬው ቀለበት 20 ኪሎ ገደማ ከሆነ 1 ኪሎ ብረት በሽቦ አጥብቃችሁ እሰሩበት። መንታዎቹን በ80 ሄርዝ በ2.4 ሄርዝ ያራርቃቸዋል ወይም ያቀራርባቸዋል፣ በምታስሩበት ቦታ ይወሰናል። ከፍተኛው መንታ በጣም የሚወዛወዝበት ቦታ ላይ ሲታሰር «ዋው ዋው»ው መዘግየት አለበት።

ቶርኖ_ቤት (ደብረ ብርሃን)

ቆይ ቆይ። መንታዎቹ ሲገጥሙ ነው ታምቡሩ የሚጮኸው ካልክ፣ እኔም ታምቡሩ ላይ ጎንና ጎን ብረት በይጄ ባራርቃቸውስ? ዝም ይላል?

ቁጥር_ወዳድ

ሐሳቡ ልክ ነው፣ የፍሬን መሐንዲሶችም ሲምሜትሪውን ሆን ብሎ በመስበር ጩኸት ይቀንሳሉ። ብየዳው ግን አይሆንም። ታምቡር ጥቁር ብረት ነው፣ የተበየደበት ዙሪያ ይደርቅና ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ ሙቀቱን አስብ። 10 ቶን መኪና ከጣርማበር አናት እስከ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ ከ160 ሜጋ ጁል በላይ የሚሆን ጉልበት አንድ ቦታ መግባት አለበት። ሾፌሩ ማርሽ ቀንሶ ሞተሩን ካልተጠቀመ አብዛኛው ታምቡር ውስጥ ነው። የውስጡ ገጽ ከጀርባው 200 ዲግሪ ቢበልጥና መለጠጥ ቢከለከል ውጥረቱ 240 ሜጋ ፓስካል ይደርሳል። ተራ ጥቁር ብረት የሚበጠሰው እዚያው አካባቢ ነው። ሲግል ይጨመቃል፣ ሲቀዘቅዝ ይጎተታል፣ ውስጡ ላይ የምታያቸው ቀጫጭን ስንጥቆች ከዚያ ናቸው።

ጋሽ_ሾፌር

ውሃ የሚያፈሱበትም አሉ ልጄ። ግሎ እየጨሰ ደብረ ሲና ሲደርሱ ባልዲ ይዘው።

ቁጥር_ወዳድ

ጋሼ፣ ያ ነው የሚጨርሰው። በደቂቃ ውስጥ ከጭመቃ ወደ መጎተት ይሄዳል።

@ቶርኖ_ቤት፣ አንተ ማድረግ የምትችለው ይሄ ነው፦ ከመቁረጥህ በፊት የውስጥ ዲያሜትሩን ቢያንስ አራት ቦታ ለካ፣ ሞላላነቱን ጻፈው። ስንጥቁ ጥፍር የሚይዝ ከሆነ ወይም ጠርዝ ድረስ ከደረሰ አትቁረጥ፣ ይጣል። ብዙ ታምቡሮች ላይ የመጨረሻው የተፈቀደ ዲያሜትር ተቀርጾ አለ፣ ከዚያ አትለፍ።

ቶርኖ_ቤት (ደብረ ብርሃን)

ጽሑፉ በዝገት ከጠፋስ?

ቁጥር_ወዳድ

የዚያው ሞዴል ማኑዋል ላይ ይገኛል፣ ወይም አዲስ ታምቡር ከሚሸጥ ሱቅ ገብተህ ከአዲሱ ላይ አንብበው። ካላገኘኸው ለባለቤቱ አልቆርጥም በለው።